መረጃ ሞልቶ መካሪ ሲጠፋ፦ የአንድ የጀርመን ፕሮግራም የጉዳይ ጥናት

ጀርመን ውስጥ ትምህርት ቤት የሚጨርስ ልጅ መረጃ አይቸግረውም። የፌዴራሉ የሥራ ኤጀንሲ በየአካባቢው የሙያ መረጃ ማዕከላት አሉት። አማካሪዎቹ ትምህርት ቤት ድረስ ይመጣሉ። ስለ እያንዳንዱ ሙያ የሚያስረዳ ጽሑፍና ቪዲዮ በነፃ ይገኛል። ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው አንድ ድርጅት ውስጥ የሥራ ልምምድ የሚያደርጉበት ጊዜም አላቸው። ወረቀት ላይ ሲታይ ምንም የጎደለ ነገር የለም።

እንዲያም ሆኖ በየዓመቱ ትምህርታቸውን ጨርሰው ወዴት እንደሚሄዱ የማያውቁ ልጆች አሉ። እነዚህ ልጆች እንዲሁ በአጋጣሚ ከየቦታው የተገኙ አይደሉም። ብዙዎቹ የሚመጡት ከሚመሳሰሉ ቤቶች ነው። ወላጆች ብዙ ካልተማሩበት ቤት፣ ቋንቋውንና የአገሩን አሠራር ገና ካልለመዱበት ቤት፣ ወይም አንዲት እናት ሁሉንም ነገር ብቻዋን ከምትሸከምበት ቤት።

ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ልጆች መካሪ ለማግኘት ስለተነሳ አንድ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ «ሮክ ዩር ላይፍ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በደቡብ ጀርመን፣ በፍሪድሪክስሃፈን ከተማ፣ በዜፔሊን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጀመረ። ከብዙ ተመሳሳይ ሥራዎች መሃል ይህን የመረጥኩት ውጤቱ በትክክል ስለተለካ ነው። ስለ ሜንተርሺፕ፣ ማለትም አንድ መካሪ አንድን ወጣት በቅርብ ስለሚደግፍበት አሠራር፣ የምንሰማው አብዛኛው ነገር ምስክርነት ነው። «ሕይወቴን ቀየረው» የሚል ወጣት መድረክ ላይ ይወጣል፤ እናጨበጭባለን፤ ወደየቤታችን እንሄዳለን። ያ ወጣት ያለ መካሪም ይሳካለት እንደነበር ግን ማንም አያውቅም። እዚህ ጉዳይ ላይ ይህ ጥያቄ ተጠይቆ መልስ አግኝቷል።

በ10 ዓመት የሚጀምር መንገድ

ጉዳዩን ለመረዳት የአገሩን የትምህርት አወቃቀር ማወቅ ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ የጀርመን ክፍለ ግዛቶች ልጆች 4ኛ ክፍልን ሲጨርሱ፣ ማለትም በ10 ዓመት ዕድሜ ገደማ፣ በተለያዩ የትምህርት ቤት ዓይነቶች ይመደባሉ። ጂምናዚየም የሚገቡት በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደውን መንገድ ይይዛሉ። በሌላው ጫፍ ያለው ሃውፕትሹለ የሚባለው ነው። እዚያ ትምህርት የሚያበቃው 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ላይ ነው። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ስሙን ቀይረውታል፤ ሌሎች ከሌላ ዓይነት ትምህርት ቤት ጋር አዋህደውታል። የዝቅተኝነቱ ስሜት ግን አብሮ ይከተላል። በ10 ዓመቱ «አንተ እዚህ ነህ» የተባለ ልጅ በ14 ዓመቱ ስለ ራሱ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም።

ይህ ማለት ግን በሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም። ጀርመን ጥምር የሙያ ሥልጠና የሚባል ጠንካራ ሥርዓት አላት። ወጣቱ የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን ድርጅት ውስጥ ይሠራል፤ ቀሪውን ቀን ወይም ሁለት ቀን የሙያ ትምህርት ቤት ይማራል። እየሠለጠነ ክፍያ ያገኛል። ሥልጠናው እንደ ሙያው ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል ይወስዳል። በሕግ ዕውቅና ያላቸው የሥልጠና ሙያዎች ከ320 በላይ ናቸው፤ ከዳቦ ጋጋሪነት እስከ ኮምፒውተር ባለሙያነት። ይህን መንገድ ዩኒቨርሲቲ ላጣ ሰው የተሰጠ ማጽናኛ አድርጎ የሚያይ ካለ ተሳስቷል። በዚህ መንገድ ሄደው የራሳቸውን ድርጅት ከፍተው ሌሎችን የሚያሠለጥኑ ብዙ ናቸው።

ችግሩ መግቢያው ላይ ነው። ወደ ሥልጠናው የሚገባው ከአንድ ቀጣሪ ጋር ውል በመፈራረም ነው። መንግሥት መድቦ አይልክም። ልጁ ራሱ ሙያ መምረጥ፣ ድርጅት መፈለግ፣ ማመልከት፣ ለቃለ መጠይቅ መቅረብ አለበት። ሥልጠናው የሚጀምረው በነሐሴ ወይም በመስከረም አካባቢ ቢሆንም ብዙ ድርጅቶች ማመልከቻ መቀበል የሚጀምሩት ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት ነው። 9ኛ ክፍል ላይ ለሚጨርስ ልጅ ይህ ማለት በ14 ዓመቱ ስለ ዕድሜ ልክ ሥራው ቁም ነገር ማሰብ ይጠበቅበታል ማለት ነው።

በ14 ዓመት ዕድሜ ይህን ብቻውን የሚወጣ ልጅ ጥቂት ነው። የሚሳካላቸው አብዛኞቹ አጠገባቸው ሰው ስላለ ነው።

አንድ የስልክ ጥሪ

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ልጅ መኪና ጥገና ይወዳል እንበል። ለሥራ ልምምድ አንድ ጋራዥ መደወል አለበት። ስልኩን ያነሳል። ማንን ይጠይቅ? ስሙን ብቻ ይናገር ወይስ የትምህርት ቤቱንም? ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ማወቅ አለበት? በሌላው ጫፍ ያለው ሰው «ወረቀትህን ላክልን» ቢለው የትኛውን ወረቀት ማለቱ ነው?

የሚጠየቀው ሲቪ፣ አንድ ገጽ ደብዳቤና የመጨረሻው የውጤት ካርድ ነው። ታላቅ እህቱ ባለፈው ዓመት ይህንኑ ላደረገች ልጅ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። የእሷን ይገለብጣል፣ ስሙን ይቀይራል፣ አባቱ ያነብለታል፣ ያልቃል። ምናልባትም ደብዳቤው ጭራሽ አያስፈልግም። አጎቱ የጋራዡን ባለቤት ያውቀዋል፤ ሰኞ ጠዋት ይዞት ይሄዳል።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ልጅ ግን ነገ ዛሬ ይላል። ስንፍና አይደለም። ምን እንደሚል ስለማያውቅ ያፍራል፤ ሲያፍር ያዘገያል፤ ሲያዘገይ ቦታው ይሞላል። አስተማሪው ሲጠይቀው «እየፈለግኩ ነው» ይላል። እናቱ ስትጠይቀውም እንደዚያው። በመጨረሻ የቀረውን ቦታ፣ ምንም የማይስበውን፣ ይይዛል። ከዚያ ልምምድ የሚማረው ነገር ቢኖር ሥራ አሰልቺ መሆኑን ነው።

የሙያ ምርጫውም እንዲሁ ነው። ከ320 በላይ ሙያ ቢኖርም ልጆች የሚያውቁት ያዩትን ብቻ ነው። ወንዶቹ ወደ መኪና ጥገና ይጎርፋሉ፤ ሴቶቹ ወደ ቢሮ ሥራ፣ ወደ ሱቅ ሽያጭና ወደ ሐኪም ረዳትነት። ይህ ከዓመት ዓመት የሚደጋገም ነገር ነው። አንዳንድ ድርጅቶች ሠልጣኝ አጥተው ይቀመጣሉ፤ አንዳንድ ልጆች ደግሞ ቦታ አጥተው ይንከራተታሉ። የሙያዎቹ ዝርዝር በኢንተርኔት ላይ ሙሉውን አለ። ዝርዝሩን ከፍቶ «ይህኛውስ? አንተ እኮ በእጅህ ነገር መፈታታት ትወዳለህ» የሚል ሰው ነው የሌለው።

ጥንዶቹ

«ሮክ ዩር ላይፍ» የሚሠራው ይህን ሰው ማምጣት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከአንድ ልጅ ጋር ይጣመራል። አንድ ለአንድ ነው፤ አንድ መካሪ ለ20 ልጅ አይደለም። መካሪዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ክፍያ የላቸውም፤ ሥልጠና ግን ይሰጣቸዋል። ልጆቹ የሚወሰዱት ከሃውፕትሹለና ከመሰል ትምህርት ቤቶች፣ ከ8ኛና ከ9ኛ ክፍል ነው። ማለትም መውጫው በር ላይ ሲደርሱ ሳይሆን ገና መንገድ ሲቀራቸው።

ጥንዶቹ በየጊዜው ይገናኛሉ። የሚያደርጉትን አብዛኛውን የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። አንዳንዴ ያጠናሉ፤ አንዳንዴ ማመልከቻ ይጽፋሉ። አንዳንዴ ደግሞ አብረው ምግብ ይሠራሉ፣ ስፖርት ይሠራሉ፣ ከተማ ይዞራሉ። ይህን ያየ ሰው «ታዲያ የሙያ ምክሩ የቱ ጋ ነው?» ሊል ይችላል። እኔ እንደማየው ግን ዋናው ብልሃት እዚህ ነው። የ14 ዓመት ልጅ «የወደፊት ዕቅድህን ንገረኝ» ሲባል አፉ ይያዛል። ሽንኩርት እየከተፈ ግን «እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ቢሮ መቀመጥ አልችልም» ይላል። የሚጠቅመው ይህኛው ነው።

የመካሪው ቦታም ልዩ ነው። አስተማሪ ስላልሆነ ውጤት አይሰጥም። ወላጅ ስላልሆነ አይቆጣም። የኤጀንሲ ባለሙያ ስላልሆነ ከደጁ የተሰለፈ ሌላ ባለጉዳይ የለውም። በዕድሜ ጥቂት ዓመት ብቻ ስለሚበልጥ እሱም ራሱ በቅርቡ ያመለከተ፣ የተሳሳተ፣ የጠበቀ ሰው ነው። ለብዙዎቹ ልጆች ደግሞ በቅርብ የሚያውቁት የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊሆን ይችላል።

ዕጣው

አሁን ወደ ልኬቱ። ሙኒክ የሚገኘው የኢፎ የምርምር ተቋም ባልደረባ ሉድገር ቮስማን፣ ከስቨን ሬስኛንስኪ፣ ከየንስ ሩሆዘ፣ ከሲሞን ቪደርሆልድና ከካታሪና ቬደል ጋር ሆነው ፕሮግራሙን ፈተሹት።

የገጠማቸው ችግር የታወቀ ነው። ለሜንተርሺፕ የሚመዘገብ ልጅ ከማይመዘገበው ይለያል። ቀድሞውኑ ፍላጎት አለው። ስለዚህ መካሪ ያገኙትን ካላገኙት ጋር በደፈናው ማወዳደር ያሳስታል። ደግነቱ ብዙ ትምህርት ቤቶች ላይ የተመዘገቡት ልጆች ከመካሪዎቹ ቁጥር በላይ ነበሩ። ለሁሉም አይደርስም። ስለዚህ ዕጣ ወጣ። ዕጣ የደረሳቸው መካሪ አገኙ፤ ያልደረሳቸው እንደ ወትሮው ቀጠሉ። በ10 ከተሞች 308 ልጆች በዚህ መንገድ ተካተቱ።

ዕጣ የሚለው ቃል ይከብዳል፤ አውቃለሁ። የአንድ ልጅ ዕድል እንዴት በዕጣ ይወሰናል? መካሪው ግን ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ማን ያግኝ የሚለውን አንድ ሰው መወሰኑ አይቀርም። አስተማሪ ቢመርጥ ጎበዙንና ጨዋውን ይመርጣል። ቀድሞ የተመዘገበ ይግባ ቢባል ቤተሰቡ ንቁ የሆነው ይገባል። ዕጣው ከሁለቱም የተሻለ ፍትሐዊ ነው። ከዚያም በላይ፣ ፕሮግራሙ እውነት ይሠራ እንደሆነ ማወቅ ከኋላ ለሚመጡት ልጆች ሁሉ ይጠቅማል።

የለኩት ሦስት ነገር ነው። አንደኛው የሒሳብ ውጤት። ሁለተኛው ትዕግሥትና ከሰው ጋር የመግባባት ችሎታ። ሦስተኛው ስለ ሥራ ዓለም ያላቸው አቅጣጫ፣ ማለትም ከትምህርት በኋላ ምን ማድረግ እንደሚፈልጉ የጠራ ሐሳብ አላቸው ወይ የሚለው። እነዚህ የተመረጡት ኋላ በሥራ ዓለም የሚገጥመውን በደንብ ስለሚጠቁሙ ነው። ልጆቹን እንደ ቤተሰባቸው ሁኔታም ለዩአቸው። ቤት ውስጥ ስንት መጽሐፍ አለ፣ ልጁ የሚያድገው በአንድ ወላጅ ነው ወይ፣ ከሌላ አገር የመጣ ነው ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ለዚህ ረድተዋል። የመጽሐፍ ብዛት ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ገቢውን የማያውቅ ልጅ ግን መደርደሪያውን ያውቃል።

የተገኘው

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ከተቸገሩ ቤተሰቦች የመጡት ልጆች በጣም ተለውጠው ተገኙ። ሦስቱን ልኬቶች አንድ ላይ ያደረገው ድምር ከግማሽ መደበኛ ልዩነት በላይ ጨመረ። ይህ ምን ማለት ነው? 100 ልጆችን ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ብናሰልፍ፣ 50ኛ ላይ የቆመው ልጅ ወደ 70ኛው ገደማ ተሻገረ እንደማለት ነው። በትምህርት ጥናት ዓለም ይህን ያህል ለውጥ በአንድ ዓመት ማየት ብዙም የተለመደ አይደለም። ደግሞም ለውጡ በአንዱ ብቻ ሳይሆን በሦስቱም ታየ።

ሒሳቡ እኔን ያስገርመኛል። ጥንዶቹ ዋና ሥራቸው ማስጠናት አልነበረም። ታዲያ ውጤቱ እንዴት ተሻሻለ? የእኔ ግምት ይህ ነው፦ ቀጣሪዎች የሒሳብ ውጤትን ያያሉ። ልጁ መጀመሪያ የሚፈልገውን ሙያ ሲያውቅ፣ ቀጥሎ ያ ሙያ ምን እንደሚጠይቅ ሲረዳ፣ ደብተሩን የሚከፍትበት ምክንያት ያገኛል። «አጥና» የሚል ትእዛዝ ሁሌም ነበር። ለምን የሚለው ነው የጎደለው።

ተመራማሪዎቹ ለውጡ በምን በኩል እንደመጣም ተከታትለዋል። አንዱ ክፍል የመጣው ልጆቹ መካሪያቸውን ስለ ወደፊታቸው የሚያማክሩት የቅርብ ሰው አድርገው በመያዛቸው ነው። ይህ ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ነው። መረጃው ከዚያ በፊትም ነበረ። ማዕከሉም፣ ቪዲዮውም፣ ብሮሹሩም ነበረ። የተጨመረው አንድ ሰው ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ የሒሳብ ውጤቱና የሥራ አቅጣጫው ለውጥ እንዳለ ቆይቷል። የትዕግሥትና የመግባባት ለውጡ ግን ደብዝዞ ነበር። በዚያን ጊዜ ደግሞ ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ለቀዋል ወይም ሊለቁ ደርሰዋል፤ ከተቸገሩ ቤቶች የመጡት ልጆች ከትምህርት ወደ ሥራ ያደረጉት ሽግግርም መካሪ ካላገኙት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2024 «ጆርናል ኦፍ ፖለቲካል ኢኮኖሚ» ላይ ታትሟል።

አሁን ሰዎች ዘለው የሚያልፉት ውጤት። ከተሻለ ቤተሰብ የመጡት ልጆች ከዚሁ ፕሮግራም ያተረፉት ነገር አልተገኘም። አንድ ዓይነት መካሪ፣ አንድ ዓይነት ሥልጠና፣ አንድ ዓይነት ዓመት፤ ለእነሱ ግን ለውጥ የለም።

ይህ መካሪዎቹ ደካሞች ናቸው ማለት አይደለም። እነዚህ ልጆች መካሪ ነበራቸው ማለት ነው። አባት፣ አክስት፣ የጎረቤት መሐንዲስ፣ የእናት የሥራ ባልደረባ። «መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይባላል። እነሱ ሲወለዱ ጀምሮ በመካሪ ተከበዋል። ተጨማሪ አንድ ሰው ቢመጣ ደስ ይላል እንጂ መንገድ አይቀይርም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ከባድ ነው። የሜንተርሺፕ ፕሮግራም የሚመሩ ብዙ ሰዎች «ጎበዝ ተማሪዎችን» ይመርጣሉ። ምክንያቱ ይገባኛል። ጎበዞቹ ይመጣሉ፣ ቀጠሮ ያከብራሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ፎቶ ላይም ያምራሉ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ጥሩ ቦታ ይደርሳሉ፤ ሪፖርቱም ያምራል። ግን እነዚያ ልጆች ያለ ፕሮግራሙም ይደርሱ ነበር። የመካሪ ቁጥር ውስን ነው። ሰው ላለው ልጅ የተሰጠ እያንዳንዱ መካሪ፣ ሰው ከሌለው ልጅ የተወሰደ ነው። ይህን በግልጽ መናገር አለብን ብዬ አምናለሁ።

ጀምሮ መተው

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ከሌላ አገር የመጣ ማስረጃ ልጥቀስ። አሜሪካ ውስጥ «ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ» የሚባል በጣም የቆየ የአንድ ለአንድ ፕሮግራም አለ። በ1990ዎቹ እሱም በዕጣ ተፈትኖ ነበር። ተመራማሪዎቹ ጂን ግሮስማንና ጂን ሮድስ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ትንታኔ የጥንዶቹን ቆይታ አዩ። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ አብረው የቆዩት ልጆች በብዙ ነገር ተሻሽለዋል። ግንኙነታቸው በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን አልተጠቀሙም ብቻ ሳይሆን በአንዳንድ ነገር ብሶባቸዋል።

ምክንያቱን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ብዙ ሰው ተስፋ ሰጥቶት የጠፋበት ልጅ አለ። አዲስ ሰው መጣ፤ ልጁ ለመደው፤ ቀስ በቀስ ልቡን ከፈተለት። ከዚያ ፈተና ደረሰ፣ ወይም ሰውየው ሌላ ከተማ ሄደ፣ ወይም ስልክ ማንሳት ተወ። ልጁ የሚደመድመው ስለ መካሪው አይደለም፤ ስለ ራሱ ነው። «እኔ የሚቆዩብኝ ሰው አይደለሁም» ይላል።

ስለዚህ በጎ ፈቃደኛ ሲመዘገብ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ምን ዓይነት ልምድ አለህ?» አይመስለኝም። «የሚቀጥለው ዓመት እዚሁ ነህ?» ነው። የመመረቂያ ዓመቱ ላይ ያለ ተማሪ ልቡ ጥሩ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ላይሆን ይችላል። ለአስተባባሪዎቹም ትልቁ ሥራ ጥንዶችን ማገናኘት አይደለም፤ ካገናኙ በኋላ መከታተል ነው። ሁለት ቀጠሮ ያለፈበት ጥንድ ካለ በዚያው ሳምንት መደወል። መካሪው ግራ ሲጋባ የሚያማክረው ሰው እንዲኖረው ማድረግ። ለምሳሌ ልጁ ቤቱ ውስጥ ከባድ ነገር እንዳለ ቢነግረው፣ የ20 ዓመት ተማሪ ያንን ብቻውን መሸከም የለበትም።

የአንድ ቀን የሙያ አውደ ርዕይና የእንግዳ ንግግርም በዚህ ዓይን መታየት አለባቸው። አይጠቅሙም አልልም። አንድ ልጅ ሰምቶት የማያውቀውን ሙያ እዚያ ሊያገኝ ይችላል። ግን በማግሥቱ «ያ ሰውዬ ስለ ሌንስ ሥራ ያለው ነገር እንዴት ነው የሚጀመረው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ከሌለ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ቀኑን ማዘጋጀት ቀላል ስለሆነ ብዙ ቦታ ለወጉ ያህል ይደረጋል። የሚከብደው ማግሥቱ ነው።

የጊዜው ነገርም አለ። ይህ ፕሮግራም 8ኛና 9ኛ ክፍል ላይ መጀመሩ በአጋጣሚ አይደለም። በመጨረሻው ዓመት የሚመጣ መካሪ የሚያገኘው የታተመ ውጤት፣ ያለፈ የማመልከቻ ቀንና የተጨነቀ ልጅ ነው። ያኔ የሚቻለው የተገኘውን መያዝ ብቻ ነው። አንድ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከመጣ ግን ልጁ ሞክሮ «ይህ ለእኔ አይሆንም» ለማለት ጊዜ አለው። ልምምድ ሄዶ መጥላትም ትልቅ ትምህርት ነው፤ በ14 ዓመት መጥላት በ19 ዓመት ከመጥላት ይረክሳል።

ጥናቱ የማይመልሳቸው

308 ልጆች ብዙ አይደሉም። ውጤቱ ጠንካራ ቢሆንም በአንድ አገር፣ በአንድ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ የተገኘ ነው። ጀርመን ውስጥ መካሪው ልጁን የሚመራበት በር አለ፤ ጥምር ሥልጠናው። ልጁ ስልኩን ደፍሮ ሲደውል የሚያነሳ ቀጣሪ አለ። የሥልጠና ቦታ ጭራሽ በሌለበት ቦታ አንድ ጎበዝ መካሪ ምን ያህል ይራመዳል? በራስ መተማመን ይሰጣል፤ ቦታ ግን አይፈጥርም። ስለዚህ ሜንተርሺፕን በሥራ ዕድል ፈንታ የሚያቀርብ ባለሥልጣን ካጋጠማችሁ ልብ በሉ። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሌላው የበለጠ የሚያሳስበኝ ነው። በጥናቱ ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ፣ ዕጣ የደረሳቸውም ያልደረሳቸውም፣ በፈቃዳቸው የተመዘገቡ ናቸው። እጃቸውን ያላወጡትን ልጆች በተመለከተ ጥናቱ ምንም አይነግረንም። ከክፍሉ መጨረሻ ወንበር ላይ የሚቀመጠው፣ ስለ ፕሮግራሙ ሲነገር በመስኮት የሚያየው ልጅ በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። እሱን ማስመዝገብ የሚችለው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ አስተማሪው ነው። ለብቻው ጠርቶ «እኔ አንተን አስቤ ነው፣ ሞክረው» ማለት የሚችለው በስሙ የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ፕሮግራሞች ለማስታወቂያ የሚያወጡትን ጉልበት ለዚህ ቢያውሉት እመርጣለሁ።

በመጨረሻ የመጨረስ ጥያቄ አለ። ጀርመን ውስጥ ከሥልጠና ውሎች አንድ አራተኛውና ከዚያ በላይ የሚሆነው ከመጠናቀቁ በፊት ይቋረጣል። አንዳንዱ ወጣት ወዲያው ሌላ ድርጅት ወይም ሌላ ሙያ ይገባል፤ አንዳንዱ ከመንገዱ ይወጣል። ውል መፈረም የጉዞው መጀመሪያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ናቸው፤ በሌሊት መነሳት፣ ከማያውቁት አለቃ ጋር መሥራት፣ ከትምህርት ቤት ጓደኞች መለየት። አብዛኞቹ የሜንተርሺፕ ጥንዶች ደግሞ የሚለያዩት ልክ እዚህ ጋ ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤቱን ጨርሷልና። መካሪው ከውሉ በኋላ ስድስት ወር ቢቆይ የሚቋረጡት ውሎች ይቀንሱ እንደሆነ በዚሁ በዕጣ መንገድ መፈተን ይቻላል። ወጪው ብዙ አይደለም፤ ጥንዶቹ ቀድሞውኑ ይተዋወቃሉ።